ሰነድዎን ይዘው ይምጡ

«ለተከበራችሁ የአምቦ ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ! በከተማችን የፎቶ ኮፒ አገልግሎት መጀመሩን ስናበስር ታላቅ ክብር ይሰማናል።»

ይህን አዋጅ ሦስት ወር ሙሉ በሞንታርቦ ሲያሰማ የከረመው ሙለታ፣ ረቡዕ ጠዋት ከሞንታርቦው አጠገብ ሞቶ ተገኘ። በማይክሮፎኑ ገመድ ታንቆ ነበር።

አምቦ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ብርቅ ሆኖ አይደለም። ከኮፒ ማሽኑ በስተጀርባ በመጋረጃ የተከለለ ክፍል አለ፤ እዚያ ቃለአብ የሚባል የሥነ ልቦና አማካሪ ይቀመጣል። ቃለአብ መጀመሪያ እውነተኛውን ታፔላ ሰቅሎ ስድስት ወር ጠበቀ። የመጣለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መንገድ ሊጠይቅ። የእብድ ሐኪም ቤት ሲገባ ከሚታይ፣ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ ይመርጣል። ሙለታ ለማስታወቂያ ሥራ ሲቀጠር ታፔላውን አውርዶ «ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰቀለ፤ እውነቱን ለሚያስፈልገው ሰው በጆሮው ይነግር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ወረቀት ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በፊት ለፊት በር ይገባ ጀመር።

ኢንስፔክተር ድንቅቱ ሬሳውን ቁልቁል አየችው። ወንድሟን ከቀበረች ወዲህ ሬሳ አያስደነግጣትም። የሚያስደነግጣት አለመደንገጧ ነበር፤ አሁን አሁን እሱም ትቷታል።

«ያ ጎፍታ» አለ ሳጅን ቦጂያ፣ ፈጣሪውን እየጠራ። «ሌባ አይደለም፤ ብሩም ስልኩም ኪሱ ውስጥ ናቸው።»

«ሚሞሪውስ?»

ሞንታርቦው ሚሞሪ የሚጎርስበት ቀዳዳ ባዶ ነበር። በክፍሉ ባለችው ብቸኛ ሶኬት ላይ የተሰካው ያው ሞንታርቦ ነው።

ቃለአብ የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ሚሞሪው ላይ ምን ነበር?» አለችው።

«አዲሱ ማስታወቂያ። አንዲት ሴት፣ ስሟን ሳትጠራ፣ ባሏ የሚያደርስባትንና እዚህ መጥታ እንዴት እንቅልፍ እንዳገኘች ትናገራለች። ራሷ ናት የፈቀደችው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሊያሰማው ነበር። ድምፅም እኮ ፊት ነው ብዬው ነበር።»

«ማን ናት?»

«አልናገርም።»

«የደንበኞችህ ዝርዝርስ?»

«እሱንም አልሰጥም።»

«እስከ አሥር ሰዓት ካልሰጠህ አንተን እንዳስር፣ ቤቱንም እንዳሽግ ኮማንደሩ አዘውኛል። ከሟቹ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያደርከው አንተ ነህ።»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ጎጆ ከተማ ነው የምሠራው፤ ስመለስ መሽቶ ነበር፤ በጓሮ ገብቼ ተኛሁ።» ቃለአብ ጫማውን አየ። «ሐሙስ የአምቦ ቀን ነው፤ ሰው ቀደም ብሎ እየመጣ ሙለታ ዘንድ ቀጠሮ ይይዛል። ቀጠሮ ላለው ሰው ኮምፒዩተሩ በዋዜማው አሥር ሰዓት ላይ መልእክት ይልካል፤ ሙለታ ነው ያስተካከለው፤ እዚያ ላይ እንኳ ምክር የሚል ቃል የለም። ሰው የሚመጣው ስሙ እንደማይወጣ ስለማልኩለት ነው። ስሙ ከወጣ፣ እኔ ባልታሰርም ቤቱ ተዘግቷል።»

ድምፁ ተሰበረ። ድንቅቱ የኮፒ ማሽኑን ተደግፋ እንደቆመች፣ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ሶፍት አወጣችና ሰጠችው።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ የገቡትን ሰዎች፣ ደጃፉ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ቆጥራለች። ሦስት ናቸው።

አንደኛዋ የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ዘርፈሽ ነበሩ። «የቤት ካርታዬን ኮፒ ላስደርግ ነው፣ ልጄ።»

«ኮፒው የታለ?»

«ኮፒው?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቤት ነው። ምን ያደርግልሻል?»

ሁለተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጃርሶ ነው። «አካም ጅርቱ፣ አዴ ድንቅቱ። እኔ ለፈተና ወረቀት ነበር።»

«ትምህርት ቤታችሁ ማሽን የለውም?»

«አለው። ወረፋ አለው።»

«ኮፒው?»

«ለተማሪዎች ታድሏል።»

«ትምህርት ከተዘጋ ሳምንት አልሆነውም?»

ጃርሶ ጣሪያውን አየ። «ለመስከረም ቀደም ብለን ነው የምንዘጋጀው።»

ሦስተኛው የእህል ነጋዴው አቶ ወሰኑ ናቸው። ሳይጠየቁ የፕላስቲክ ማኅደር ከፍተው ንግድ ፈቃዳቸውንና ኮፒውን ጎን ለጎን ዘረጉ። «ኦቦ ሙለታ ገለበጠልኝ፤ አመስግኜው ወጣሁ። ደህና ነበር። እኔ እንኳ መጀመሪያዬ ነው። ሚስቴም ብትሆን ይህን ቤት አታውቀውም።»

«አመሰግናለሁ» አለች ድንቅቱ። ኮፒውን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ውጭ ሲወጡ ቦጂያ፣ «ሁለቱ ዋሽተዋል» አለ።

«ሦስቱም ዋሽተዋል።»

«ታዲያ የትኛውን እንያዝ?»

«ማስረጃ ያለውን።»

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉም ኮፒ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቦጂያ ካቴናውን ይዞ ቃለአብ አጠገብ ቆሟል።

«ከዚህ ቤት የጠፋው ሚሞሪ ብቻ ነው» አለች ድንቅቱ፣ የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። «ስለዚህ ገዳዩ የፈለገው አንዲት ሴት ቅዳሜ ገበያ ላይ እንዳትሰማ ነው። ቃለአብ ድምፁን ማስቀረት ቢፈልግ ሙለታን ማባረር ይበቃው ነበር፤ ቀጣሪው እሱ ነው። ቀሪዎቹ ሦስታችሁ ኮፒ ላስደርግ ነው የመጣሁት ብላችኋል። ቦጂያ፣ ማሽኑን ክፈተው።»

ቦጂያ የማሽኑን ሆድ ከፈተ። ቀለም የለ፣ ሽቦ የለ፤ ከላይ እስከ ታች ሶፍት ተደርድሮበታል።

«ሙለታ ከቁራሌው በኪሎ የገዛው ነው። እዚህ ከገባ ጀምሮ አንድ ወረቀት አልገለበጠም፤ ለምክር የሚመጣ ሁሉ ይህን ያውቃል። የሚያፍር ሰው አንድ ወረቀት ይዞ ይገባል፣ ያንኑ ይዞ ይወጣል፤ ኮፒውን አምጣ ሲሉት ይንተባተባል። ኮፒ ይዞ የመጣ ሰው ግን ታፔላውን አምኗል። ሌላ ቤት አስገልብጦ፣ ሙለታ በሕይወት ሳለ መለየቱን ሊመሰክርበት ነው ያመጣው።»

አቶ ወሰኑ ፈገግ አሉ። «አንቺስ ማሽኑ እንደማይሠራ በምን አወቅሽ? ሳጅኑ ገና አሁን ነው የከፈተው።»

«ፖሊስ ነኝ» አለች ድንቅቱ። «ስለ ሚስትዎስ ማን ጠየቀዎት?»

«ናኦሚ እዚህ ረግጣ አታውቅም። ጤነኛ ናት። እዚህ ያለነውም ሁላችን ጤነኞች ነን።»

«እግዜር ይመስገን» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽ።

«በሚገባ» አለ ጃርሶ። ቦጂያም ራሱን ነቀነቀ።

አሥር ሰዓት ሞላ። ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒዩተሩ አንዴ ጢን አለ።

መጀመሪያ የወይዘሮ ዘርፈሽ ስልክ ጮኸ። ደብዳቤ ሁሉ ድምፅ አውጥተው ማንበብ ልማዳቸው ነውና፣ «ሰነድዎ ነገ ይታያል። ሰነድዎን ይዘው ይምጡ» ሲሉ አነበቡ፤ ከዚያ ስልኩን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት። የጃርሶ ቀጠለ። የቦጂያ የደንብ ልብስ ኪስም ጮኸ፤ ቦጂያ በእጁ ሸፈነው። ከዚያ ከአቶ ወሰኑ ኮት የውስጥ ኪስ ሌላ ድምፅ ወጣ።

ቦጂያ እጁን ሰድዶ አወጣው። ሮዝ አበባ ያለበት ሽፋን የለበሰ የሴት ስልክ ነው። ክዳኑን ሲከፍተው የሙለታ ሚሞሪ ውስጡ ነበር።

ወሰኑ ስልኩን ብቻ ያያሉ።

«ባለፈው ሳምንት ሞንታርቦውን ሲሞክር የድምፅዋን ጫፍ ሰማሁ» አሉ በመጨረሻ። «አጥፋው ስለው እምቢ አለኝ፤ የፈቀደችው እሷ ናት አለኝ። በኋላ እሷ መሆኗን ልለይ ብዬ ስልኳ ላይ ከፍቼ ሰማሁት። አሥራ አራት ዓመት አብረን ኖረን፣ ይህን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።»

ቦጂያ ከቃለአብ አጠገብ ተነሣና ካቴናውን ለወሰኑ አጠለቀ። ማንም ማንንም አላየም፤ ሁሉም ማሽኑን ያዩ ነበር።

በዚህ መሃል፣ ኔትወርክ ይዞት ይሆናል፣ ከሁሉ ዘግይቶ የድንቅቱ ኪስ ጮኸ።