በትንፋሽ የሞቀ ዓይን

«ልዩ፣ ሃያ ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ዓይንሽን እንዳትነኪው፣ ሙቀትም እንዳያገኘው። ከሞቀ መሣሪያው ተሳስቶ ቀይ ያሳያል» አለቻት ነርሷ ንጋቷ፤ በሩንም ዘግታ ወጣች።

ልዩ ፈርታለች። ባለፈው ግንቦት ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስታጠና ኩራዝ ፈንድቶ የቀኝ ዓይኗን ቆብ አቃጠለው። ከዐሥር ቀን በፊት ደግሞ እዚሁ ሚዛን ሆስፒታል፣ ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳ ቆርጠው ለጠፉበት። ቦታውን ቢያደነዝዙትም የመቀሱን ድምፅ ሰምታዋለች፤ እስካሁን መቀስ ስታይ ሐሞቷ ይፈስሳል። ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጣው የሌዘር ብርሃን መሣሪያ በአዲሱ ቆዳ ውስጥ ደም መዘዋወሩን ይለካል። ስክሪኑ ላይ ቀይ ከታየ ወደ ቤቷ፣ ወደ ሸኮ ትመለሳለች፤ ሰማያዊ ከታየ እንደገና ትቆረጣለች።

እናቷ ማናልሞሽ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«እማዬ፣ ዓይኔን እፍ በይልኝ።»

«ነርሷ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም።»

ማናልሞሽ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ተነፈሰችበትና ሞቅ ሲል ዓይኗ ላይ አሳረፈችው። ዓይኑን ለታመመ ልጅ ሁሉ የሚደረገው ይኸው ነው፤ እናት ክፋቱን ከየት ታውቀዋለች። ደጋግማ ተነፈሰችላት።

ዶክተር ኃይለሚካኤል መጥቶ ዓይኗን አስጨፈናትና ቀዩን ብርሃን አበራባት። ብርሃኑ አያምም። ልቧ ግን ድው ድው ሲል መሣሪያው የሚሰማባት መሰላት።

«ጎበዝ፣ ቀይ ነው» አለ። «ደሙ ደርሷል። ከሁለት ወር በኋላ እንገናኝ።»

እናቷ ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች። ልዩም ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን እስከ በሩ እንኳ አላደረሳት።

«ዶክተር፣ ሰማያዊ ቢሆን ኖሮስ?»

«ቆዳው ሞቷል ማለት ነው። ካልቀየርነው ዓይንሽ አይከደንም፤ እየደረቀ ይሄድና ማየት ያቆማል።» መሣሪያውን ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመረ። «ይሄ ዛሬ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።»

ልዩ መቀሱን ፈራች። ዓይኗን ማጣት ደግሞ ከመቀሱ ይበልጥ አስፈራት። እናቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«እማዬ ጥፋት የለባትም» አለች። «ነርሷ እንዳይሞቅ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ዋሽቼ ያስሞቅኳት።»

ማናልሞሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማንም አልተቆጣትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ወደ ወንበሩ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ዓይኔ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፤ እንደገና ይለካ» አለች።