ከበሩ ውጭ የነበረው ፎጣ

ቆንጂት የሞተችው ዓርብ ጧት፣ ኩዌት፣ ኸይጣን ሰፈር፣ በምትኖርበት የኪራይ ቤት የጸሎት ማኅበሩ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። መታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ ተዘርራ ተገኘች። አስም እንዳለባት ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ግን አስሙን ማን አስታወሰው! ሬሳው ሳይነሳ ፍርዱ ተሰጠ፤ «የሺጥላ ነው በጨረሩ የገደላት» ተባለ።

የሺጥላ በአንድ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ያጸዳል። ከባሕሩ ማዶ ያለው የኒውክሌር ጣቢያ ሊመታ ነው የተባለ ሰሞን፣ በስልክ የመጣ ወሬ ሁሉ ቤቱን አስደንብሮት መስኮቱ በፕላስተር ታሽጎ ነበር። ጦርነቱ በረደ፤ ፍርሃቱ ግን ማረፊያ ሲያጣ የሺጥላ ላይ አረፈ። ብርጭቆው ተለየ፣ ልብሱ ብቻውን ይታጠብ ጀመር። ያዘዘችው ቤቱን ተከራይታ ለሌሎቹ የምታከራየው አዛለች ናት። አሁን ወሬው ሆስፒታሉ ከደረሰ ሥራው ያበቃል፤ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነውና አገር ጥሎ መሄድ ነው። አዛለች ይህን ታውቃለች። እያወቀች ዝም ማለቷ እንቅልፍ ነስቷታል፤ ለቀስተኛ ሲመጣ እንኳ ቀና ብላ ማየት አፍራለች።

ከለቀስተኞቹ አንዷ ዲቦራ ነበረች። አዲስ አበባ ወንጀል መርማሪ የነበረች፣ እዚህ ፋርዋኒያ ወረዳ ለፖሊስ የምታስተረጉም፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። አዛለች የተረፈውን ምግብ ስትሸፍን አጠገቧ ቆመች።

«እትዬ አዛለች፣ ያገኟት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። በሩን ገፋ ሳደርገው ሽታው አፈነኝ።»

«የምን ሽታ?»

«የበረኪና መሰለኝ… እኔ እንጃ።» አዛለች ፌስታሉን ሳህኑ ላይ ወጥራ ፕላስተር ለጠፈችና ጫፉን አጠፈችው።

«ጫፉን ለምን ያጥፉታል?»

«የድሮ አሠሪዬ፣ ማዳሜ ናት ያስለመደችኝ። ሲነቀል ጥፍር አያስቸግርም።»

ዲቦራ «ጎበዝ ማዳም» ብላ አለፈች።

ጸሎቱን የሚመራው ፍቅሩ የአዛለችን ጩኸት ሰምቶ ከታች የሮጠ ሰው ነው። «ኮሪደሩ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠልፎ ሊጥለኝ ነበር» አላት። «እንደ ገመድ የተጠቀለለ።»

የሺጥላ በር ሥር ብቻውን ተቀምጧል። «ልብሴን ራሴ ልጠብ ብዬ ነበር፤ ባልዲውን ትበክላለህ ብለው ለቆንጂት ሰጧት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሰማያዊው ዩኒፎርሜ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ቡራቡሬ ሆኖ ተገኘ። አጠገቡ የበረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ጠርሙስ ነበር።»

ዲቦራ መታጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ተንበርክካ ቆየች። ስትመለስ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበችና ከቦርሳዋ ትንሽ መሣሪያ አወጣች። ወሬውን ሰምታ፣ ለቅሶ ከመምጣቷ በፊት ከሌላ ሆስፒታል የጨረር ደኅንነት ባለሙያ ለምና ያመጣችው የጨረር መለኪያ ነው። ዩኒፎርሙ ላይ አስጠጋችው፤ ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

«ይኸው!» አሉ ለቀስተኞቹ።

ዳቦው ላይ አስጠጋችው። ያው ጠቅታ። ግድግዳው ላይ፣ አዛለች መዳፍ ላይ፣ ያው ነው።

«ይህ ከአፈሩም ከሰማዩም የሚመጣ፣ አብሮን የኖረ ነው። የራጅ ጨረር ደግሞ እንደ አምፖል ነው፤ ማብሪያው ሲጠፋ ያበቃል፣ ልብስ ላይ አይቀርም።»

«ታዲያ ስለ ጣቢያው ልብስ እጠቡ የተባለውስ?» አለ ፍቅሩ።

«ጣቢያ አደጋ ከደረሰበት የተበከለ አቧራ ሊያመጣ ይችላል፤ መንግሥት ሲያዝ ቤት ገብቶ መስኮት መዝጋት ነው። አቧራውም በውሃና በሳሙና ይታጠባል። በረኪናና አሲድ ሲቀላቀሉ ግን መርዝ ይተናል። ቆንጂትን የገደላት እሱ ነው።»

«እሷ ራሷ ናታ የቀላቀለችው!» አለች አዛለች። ድምጿ ከመጠን በላይ ጮኸባት።

«ይሆናል። ግን ፎጣው ኮሪደር ላይ ነበር፤ በበሩና በወለሉ መካከል የተወተፈው ከውጭ ነው። በበሩ ግርጌ ያለው የአየር ቀዳዳም በኮሪደሩ በኩል በፕላስተር ታሽጓል። ውስጥ ያለ ሰው ይህን አያደርግም።» ዲቦራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የፕላስተሩ ጫፍ ታጥፏል፣ እትዬ አዛለች።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ! አዛለች የሸሸችው ዓይን ሁሉ አሁን እሷ ላይ ነበር።

«ልገላት አልነበረም» አለች። «ጸሎተኛው ሳይመጣ ቤቱ ይጥራ ብዬ፣ ሁለቱንም ጨምሪበት አልኳት። ጨረሩ ወደ ሳሎን እንዳይወጣ ዘጋሁት። አንኳኳች። ‹እትዬ፣ አፈነኝ› አለች። ‹ትንሽ ታገሺ፣ በሩን አትክፈቺ፣ ጨረሩ ይልቀቅ› አልኳት። ኋላ ዝም ስትል… ጨረሰች ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ይሄን ልጅ ሲኮንኑት አፌን ያዝኩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!»

ፍርዱን አሜን ብለው የተቀበሉት ለቀስተኞቹ ራሳቸው ናቸውና እርስ በርስ መተያየት አፈሩ። የሺጥላ ተነሥቶ በዚያ በተለየው ብርጭቆ ውሃ ቀዳ፤ መስጠቱን ግን ፈራ። አዛለች ከእጁ ወስዳ እስከ ታች ጠጣችው።

የውጭው በር ተንኳኳ። ዲቦራ ሰዉን ከመሰብሰቧ በፊት በስልክ የጠራችው ፖሊስ ነው።

«እኔ ልክፈት?» አላት ፍቅሩ አዛለችን ቀስ ብሎ።

«ተወኝ» አለች አዛለች፤ ሁለተኛ ሳይንኳኳ ሄዳ ከፈተች።