ሳልሜት የጻፈችው የብረት ሕግ

በዚያ ጠዋት በአርጌማ ከተማ መዶሻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ሸማኔው መወርወሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ ሸክላ ሠሪዋ የጨበጠችውን ጭቃ ምን እንደምታደርገው ጠፋት፤ የቤተ መንግሥቱ ጫማ ሰፊም በወስፌው የገዛ እጁን ወጋ።

በሰልማረት መንግሥት ሙያ በመማር አይገኝም። ሰው ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው በአደባባዩ ላይ በቆመው የጥበብ ሰሌዳ እጁን ያሳርፋል፤ በድንጋዩ ላይ ሕጋቸው ከተጻፈው ዐሥራ ሁለት ሙያዎች አንዱን ይመርጣል፤ ሙያውም ወዲያው እጁ ውስጥ ይገባል። ጀማሪ፣ እጀ ሙሉ፣ ሊቅ እየተባለ ማዕረግ ይወጣል እንጂ ሥራ ተበላሸበት የተባለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። አሁን ግን ሰሌዳው ከቆመበት ስፍራ የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነበር። ጠባቂው ሽማግሌው ዖርኒም ከነበቅሎው ጠፍቶአል።

ከሁሉ የከፋው የሐይቁ ነገር ነበር። ከከተማው አጠገብ ባለው ሐይቅ ወለል ዘንዶው ቅርማት በሰንሰለት ታስሮ ይኖራል። በየዓመቱ ከሰንሰለቱ አንዱን ቀለበት ዝገት ይበላዋል፤ ዐሥራ ሁለት ቀጥቃጮችም በአንድነት አዲስ ሠርተው ይተኩታል። የዘንድሮው ቀለበት ሊበጠስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

በከተማዋ እጇ ያልከዳት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሳልሜት ትባላለች። በዐሥራ አምስት ዓመቷ ሰሌዳው አልተቀበላትም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። እልኸኛ ናትና ከከተማው ዳር ምድጃ ተክላ ሰባት ዓመት ሙሉ ብረት ስታቃጥል፣ ስታጣምም፣ ስትሰብር ኖረች። የቀጥቃጮች አለቃ ጎርፉ በደጇ ባለፈ ቁጥር «ዛሬስ ስንቱን ገደልሽ?» ይላት ነበር። መቀመጥ የማይሆንላት፣ እህል እንኳ ቆማ የምትቀምስ ሴት ነበረች፤ ከዚያ ምድጃ በቀር የሚያሳርፋት ነገር በዓለም አልነበራትም።

በንጉሡ ፊት ቀርባ እንዲህ ስትል ማለች፦ «ንጉሥ ሆይ! ዐሥራ ሁለት ሰው የሚሠራውን ቀለበት ብቻዬን አልችለውም። ሰሌዳውን ግን አመጣለሁ። ባዶ እጄን ብመለስ ያስተማረኝ እሳት እኔኑ አመድ ያድርገኝ!»

ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ራሄማና ሸማኔው አያ ከንፈሮ አብረዋት ተነሡ። የበቅሎው ዱካ ወደ ገለልታ ሜዳ ወሰዳቸው። በዚያ ሜዳ ጥላ በል የሚባሉ ግራጫ ወፎች አሉ፤ በቀን ብርሃን የቆመ ሰው ካገኙ ወርደው ጥላውን ይለቅሙታል፤ ጥላው ያለቀበትም ወዴት እንደሚሄድ ረስቶ እዚያው ተቀምጦ ይሞታል። ስለዚህ ፀሐይ እስክትጠልቅ መቆም የለም።

«ትንሽ ብናርፍ ምን አለበት?» አሉ አያ ከንፈሮ እያነከሱ። «ይህን ጉዞ ጉልበቴን ሳላማክር ነው የጀመርሁት።»

«ጥላዎን ይበሉብዎታል፣ አያ!» አለች ሳልሜት።

«ይብሉት! ባለቤቴ ስትጮህብኝ ያልሸሸ ጥላ እነሱን ይፈራል?»

እትዬ ራሄማ በክርናቸው ጎሰሟቸውና ሳቁ። ወፎቹ ከበላያቸው እየዞሩ ሦስት ቀን ተጓዙ። ሳልሜት ከሁሉም ፊት ፊት ነበረች፤ ሌሎቹ ሲደክማቸው እሷን ግን የባከነችው እያንዳንዷ ሰዓት ታንገበግባት ነበር።

ዖርኒን በደብራዝ ተራራ ሥር በፈረሰ ግንብ ውስጥ አገኙት። ሰሌዳው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በመካከሉ የብረት ሕግ የተጻፈበት ስፍራ ተፍቆ ነጥቷል። ሽማግሌው አዲስ ሰይፍ ይዞ ተነሣ።

«የሰረቅሁት የራሴን ነው!» አለ። «ዐሥራ ሁለቱን ሙያ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የተጻፈ ሙያ ከጸሐፊው እጅ ይወጣል። አርባ ዓመት ሙሉ የጫማዬን ማሰሪያ ሰው እያሰረልኝ ኖርሁ፤ አንድ ሰው አመስግኖኛል? የብረቱን ፋቅሁት፤ ወደ እጄ ተመለሰ። አንዱ ሲፋቅ ሰሌዳው ሁሉ ይዘጋል፣ ይዘጋ! የቀሩትንም እፍቃለሁ!»

ሰይፉንም ወደ አንገቷ ሰነዘረ። ሳልሜት ሌላ መሣሪያ አልያዘችምና ጉጠቷን አነሣች። ሰይፉ ጉጠቷ ላይ አርፎ ሦስት ቦታ ተሰበረ።

ዖርኒ በእጁ የቀረውን እጀታ ትክ ብሎ አየ። «ሕጉ እንደሚያዘው ነው የሠራሁት» አለ።

«አባቴ፣ የዚህ ተራራ ብረት በቀዝቃዛ ውኃ አይነከርም» አለችው። «እኔ ዐሥራ አንድ ጊዜ ሰብሬበታለሁ።»

ሽማግሌው ተቀምጦ አለቀሰ። በዕድሜው የሠራው ነገር ሲሰበር አይቶ አያውቅም። ከዚያም የተፋቀ ቃል ሁለተኛ እንደማይጻፍ፣ ሰሌዳው እንዲከፈት ለብረት አዲስ ሕግ መጻፍ ግድ እንደ ሆነ ነገራቸው። በምድሪቱ ላይ ብረትን የሚያውቅ ሰው ግን ከእርሱና ከሳልሜት በቀር አልነበረም፤ እርሱም የሚያውቀው የቀድሞውን ብቻ ነው።

ሳልሜት ወጥታ ግንቡን ትዞረው ጀመር። ፈርታ ነበር፤ ከጻፈችው ሙያዋ ከእጇ ይወጣል። ሞት ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ያለ ምድጃዋ ግን ምን ሆና እንደምትነቃ አታውቅም። እትዬ ራሄማ አብረዋት ዞሩ።

«ልጄ፣ ተይው የሚልሽ ሰው ከፈለግሽ እኔ እልሻለሁ» አሏት። «ግን ልጆቼ ያሉት ሐይቁ ዳር ነው። እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው።»

ተመልሳ ዖርኒ ሰሌዳውን የፋቀበትን መሮ አነሣች። እንደ ቀድሞው አድርጋ «ብረት ይታዘዛል» ብላ ጻፈች፤ ፊደሉ እንደ አቧራ ረገፈ። ደገመችው፤ ደግሞ ረገፈ። ተናደደችና የምታውቀውን ጻፈች፦ «ብረት አይታዘዝም። ቀይ ሲሆን ገና ነው፤ የበሰለ ብርቱካን ሲመስል ምታው፤ ከነጣ አልፎሃል። ጀማሪ ከሦስት ሁለቱን ይሰብራል። እጀ ሙሉ ከሦስት አንዱን ይሰብራል። ሊቅም ይሰብራል፤ ለምን እንደ ተሰበረ ግን ያውቃል።»

ድንጋዩ ተቀበለው። እያንዳንዱ መስመር ሲያልቅ ከጣቶቿ አንድ ነገር ሲወጣ ተሰማት። የመጨረሻዋን ነጥብ ስታሳርፍ መሮው ከእጇ ወደቀ፤ እንዴት ይዛው እንደነበረ አላስታወሰችም።

ከባዱን ሰሌዳ በዖርኒ በቅሎ ጭነው በስምንተኛው ቀን አርጌማ ገቡ። ዐሥራ ሁለቱ ቀጥቃጮች እጃቸውን በሰሌዳው ላይ አሳረፉ፤ ሥራውም ተጀመረ። የመጀመሪያው ቀለበት ተሰበረ። በገዛ እጃቸው ስብራት አይተው የማያውቁት ሰዎች ተረግመናል ብለው መዶሻቸውን ጣሉ፤ ሳልሜት ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች «ሕጉ ነው! አንሡ! ለምን እንደ ተሰበረ እዩ!» እያለች መለሰቻቸው። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። በዘጠነኛው ቀን ሐይቁ መፍላት ጀመረ፤ የዳር ቤቶች ውኃ ገባባቸው፤ ሦስተኛው ቀለበት ብረት በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ ወጣ።

ቀለበት የሚዘጋውን ምት እንዲመታ የተከበረ ሰው መጋበዝ የቀጥቃጮች ልማድ ነው። ጎርፉ መዶሻውን በሁለት እጁ ለሳልሜት ዘረጋላት። «ስቄብሻለሁ» አለ። «ይህ ምት የአንቺ ነው።»

«አልችልም፣ አለቃ። ሰጥቼዋለሁ። ወናፍ ልንፋላችሁ።»

«ወናፍ እኮ የጀማሪ ሥራ ነው!»

«እኔ ገና ጀማሪም አልሆንሁም» አለችና ከወናፉ ሥር ተቀመጠች።

ጎርፉ እያለቀሰ መታ። ቀለበቱ ተዘጋ፤ ወደ ሐይቁም ወረደ። ዘንዶው ሦስት ጊዜ ጎተተ፤ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ቀለበቱ ያዘ። ውኃው ረጋ፤ ሕዝቡም ስሟን እየጠራ ወደ ምድጃው ጎረፈ።

እሷ ግን ገና ትነፋ ነበር። ጎርፉ ትከሻዋን ነካ አድርጎ «አለቀ፣ ልጄ። በቃ» አላት። ሳልሜት ቀና ብላ በፍሙ ውስጥ የቀረውን ቁራጭ ብረት አየች። ቀይ ነበር። መብሰሉንና አለመብሰሉን ጎርፉን ጠየቀችው።