ከስምንት በኋላ

ተረት የማወራበት ጊዜ የለኝም። የምጽፈው የሆነውን ነው። ማመን ያልፈለገ ይለፈው፤ አልጣላውም።

ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻም አላላዘነም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ ጠራራ ፀሐይ። ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዘፈን እየቆረጥኩ ነበር።

ሥራዬ ይሄው ነው። የጭፈራ ዘፈን ይመጣልኛል፣ የተንዛዛውን እቆርጣለሁ፣ የጎበጠውን አቃናለሁ።

የጭፈራ ዘፈን ሕጉ ቀላል ነው። ምቱ እስከ ስምንት ይቆጠራል፣ ተመልሶ አንድ ይላል። አራቴ ሲዞር አዝማቹ ይገባል። ይሄን ያልተማረ ሰው እንኳን በእግሩ ያውቀዋል።

ያን ቀን የደረሰኝ ግን የታላቅ ወንድሜ ዘፈን ነበር።

እሱ አዝማች የሚባል ነገር አይወድም። ከስምንት በኋላ ደግሞ አንድ ባዶ ምት ያስገባል። ድራም የለ፣ ድምፅ የለ... ጨፋሪው እግሩን አንስቶ የት እንደሚያሳርፈው ይጠፋዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ስሙ "ዘጠኝ" ነው።

"ወንድምሽ ቁጥር አልተማረም እንዴ?" ይላል የስቱዲዮው ባለቤት። "ከስምንት በኋላ አንድ ነው!"

ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ዘጠነኛዋን ቆርጬ እጥላለሁ።

አራት ዘፈኑን እንዲህ አድርጌ አውጥቻለሁ። አራቱም ተወደዱ። እሱ አንዱንም እስከ መጨረሻው አልሰማም።

አሁን ሳንባው ታሞ ከተኛ ሁለት ወሩ ነው። ይሄን ዘፈን አልጋው ላይ ሆኖ ነው የዘፈነው። ሚስቱ ናት በፍላሽ ያመጣችልኝ።

"ለቁንጥንጧ ንገሪያት ብሎኛል" አለችኝ። ቤት ውስጥ እኔን የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። "ሌሎቹን ይቅር ብያታለሁ፣ ይቺን ግን አትንካብኝ ብሏል።"

"እሺ" አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

የስቱዲዮው ባለቤት ዘፈኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በሬዲዮ ይለቀቃል ብሎ ቃል ገብቷል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

ባዶዎቹን ቆጠርኳቸው። አስራ አንድ ናቸው።

ድምፁን ከፍ ሳደርገው... ባዶ አይደሉም።

ትንፋሽ ነው። ወደ ውስጥ የሚሳብ። አጭር።

ሲዘፍን ተቀድቶበት ነው ብዬ አለፍኩት። የመጀመሪያዋን ቆረጥኩ።

ስልኬ ጠራ። የወንድሜ ሚስት ናት።

"አንቺ... አሁን ትንፋሹ ቆሞ ነበር።"

"ምን?"

"ቆመ... ተመለሰ። ደነገጥኩ።"

"ሐኪሙን ጥሪው" ብዬ ዘጋሁት። ሁለተኛዋን ቆረጥኩ።

ስልኩ ጠራ።

"አሁንም ቆመ። ከበፊቱ ቆየ።"

"ሐኪሙስ?"

"መንገድ ላይ ነኝ ብሏል... ምነው ድምፅሽ?"

"ምንም።"

እንዲያው ልየው ብዬ የቆረጥኳቸውን ሁለቱንም ቦታቸው መለስኳቸው።

አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጠራ።

"እህቴ! ዓይኑን ገለጠ! ውሃ ስጪኝ አለ እኮ!"

ማዳመጫውን አወለቅኩ።

ያኔ ነው ያሰብኩት። የመጀመሪያው ዘፈን የወጣ ሰሞን ሳል ጀመረው። በሁለተኛው ደረጃ መውጣት አቃተው። በሦስተኛው... ተዉት። አራተኛው ሲወጣ ተኛ።

በሩ ተከፈተ። የስቱዲዮው ባለቤት ነው።

"አለቀ?"

"ጋሼ፣ ይቺን እንዳለች እንልቀቃት።"

"ከነጉድጓዷ?"

"አዎ።"

"ሰው እግሩን ይሰበር ነው የምትይው?"

"ወንድሜ አትንኩብኝ ብሏል።"

"ወንድምሽ ብዙ ይላል።" ወንበር ስቦ ከኋላዬ ተቀመጠ። "አንቺ ከደከመሽ ንገሪኝ፣ የሚቆርጥ ሞልቷል።"

ምን ልበለው? ይሄ ባዶ የወንድሜ ትንፋሽ ነው ልበለው? እብድ ናት ይለኛል። እኔም ራሴን እብድ ናት እያልኩት ነበር።

አሁን የሚያሳምመኝ ይሄ ነው። አስገድዶኝ አይደለም። እጄን አልያዘም። እብድ እንዳልባል ብዬ ነው።

አንድ በአንድ መቁረጡን ፈራሁት። አስራ አንዱንም በአንዴ መረጥኩ...

አጠፋኋቸው።

ባለቤቱ ዘፈኑን ከፈተው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት፣ አንድ። ጉሮሮ ላይ እንደማይሰነቀር ውሃ ይወርዳል።

ጭኑን በጣቱ እየመታ "አየሽ፣ አሁን ሰው ሆነ!" አለ።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጠራ።

አላነሳሁትም።

ደግሞ ጠራ።

"አንሺው እንጂ" አለኝ።

አላነሳሁትም።

በሦስተኛው አነሳሁት። የወንድሜ ሚስት አላለቀሰችም። በሹክሹክታ ነው ያወራችው፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል።

"ለእናታችሁ አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም።"

እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጉልበቷ ከተያዘ ስድስት ዓመት አልፎታል። ከአልጋዋ እስከ መስኮቷ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትደርሰው። ሬዲዮዋ ግን ቀኑን ሙሉ አይዘጋም።

ደጇ ስደርስ አስራ አንድ ሰዓት ከአምስት ሆኖ ነበር። ዘፈኑ ከውስጥ ይሰማል። የእሱ ድምፅ፣ የእኔ ቁርጥ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

በሩን ገፋሁት።

እናቴ መሐል ወለሉ ላይ ትጨፍራለች።

ግድግዳ አልያዘችም። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ቀኝ እጇ ወደ ላይ ተነስቷል፣ ከራሷ በላይ፣ ረጅም ሰው ይዞ እንደሚያዞራት።

"እማ..."

ዘፈኑ ስምንት ብሎ አንድ ይላል። እሷ ግን ከስምንት በኋላ ትቆማለች። አንድ እግሯን አንስታ። ደግሞ ትቀጥላለች።

ያቺን ባዶ ምት ከእሱና ከእኛ ከስቱዲዮ ሰዎች በቀር የሰማት ሰው የለም።

"እማ... ቁጭ በይ። የምነግርሽ አለ።"

ሳትዞር መለሰችልኝ።

"እሽሽ! ዝም በይ አንቺ ቁንጥንጥ። እየቆጠረልኝ ነው።"

ዘፈኑ አለቀ። ሬዲዮው ወደ ዜና ገባ።

እናቴ አላቆመችም። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ጉንጯ እርጥብ ነው።

የሹራቧ እጅጌ፣ አንጓዋ ላይ፣ ጣት እንደያዘው አምስት ቦታ ወደ ውስጥ ተጭኗል...

እያየሁት ጠበቅ አለ።