ክዳኑ የተከፈተው ሙዳይ

እማማ አበበችን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው፣ ፖሊስ ያስጠሩት እሳቸው፤ ግን ማንበብ ስለማይችሉ እንደ አሮጌ ወንበር ጥግ ተትተዋል። ዐረብ አገር ደስማ በሚባል ሠፈር ሃያ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሲያበስሉ ኖረው ዐረብኛውን እንደ ቤቱ ልጅ ያንበለብሉታል። ይህን ማን ይጠይቅ?

አሁን ያሉበት ሠፈር ኸይጣን በኮሮና ተዘግቷል፤ ፈቃድ የሌለው አይገባም፣ አይወጣም። የ«ሙዳይ» ምግብ ቤት ባለቤት ውብነሽ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ተዘርራለች። ስትገኝ ቀኝ እጇ ወጥ የነካው ማንኪያ ጨብጦ ነበር። ድስቱ ውስጥ ያልሟሟ የአይጥ መርዝ ይታያል። ወጡን የሠራችው የእህቷ ልጅ ሥርጉት ናት፤ መርማሪው ጀብሪልም ፓስፖርቷን ተቀብሎ ኪሱ ከቷል። የልጅቷ እንባ ማስኳን አርሶታል።

«ማንኪያውን አሳየኝ» አሉት እማማ አበበች በዐረብኛ።

«ኻላ፣ ተቀመጪ» አላቸው፣ አክስቴ ማለቱ ነው።

«ስቀመጥማ ዋልኩ። አሳየኝ።»

በላስቲክ እንደተጠቀለለ አሳያቸው። እጀታው ላይ ትንሽ ሙዳይ ተቀርጿል። አተኩረው አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሟቿን ሁለት መዳፎች ተመለከቱ። ንጹሕ ናቸው።

ፖሊስ ያስጠራቸው ሁለት ሰዎች ገቡ። ፈቃዱ የ«ሙዳይ»ን ስም ከውብነሽ በውል ወስዶ ሚርቃብ ሠፈር ቅርንጫፍ የከፈተ ነው። ጀማሉዲን ደግሞ የቤቱን ወረቀት በየመሥሪያ ቤቱ የሚያስጨርስ መንዱብ ነው።

«ፈቃዱ፣ ዛሬ እዚህ መጥተህ ነበር?» አሉ እማማ አበበች።

«አልመጣሁም እማማ። ሚርቃብ ነው የዋልኩት።»

«ውብነሽ ወጥ የምትቀምሰው በምንድን ነው?»

«እሷ እጅ ላይ ሠልጥኜ ይሄ ይጠፋኛል? በማንኪያ ነዋ፣ እንደ ሰው።»

«እንደ ሰው» አሉና ወደ ጀማሉዲን ዞሩ። «አንተስ? ሰሞኑን ምን ስትማከሩ ነበር?»

«አቶ ፈቃዱ የሙዳይን ምልክት በራሱ ስም ለማስመዝገብ ማመልከቱን ደረስኩበት። ውብነሽ ተቃውሞ አዘጋጅ አለችኝ፤ ነገ ልትፈርም ነበር።»

«ያመለከተበትን ሥዕል አሳየኝ።»

ስልኩን ዘረጋላቸው።

«ንግድ ነው» አለ ፈቃዱ። «ቀድሞ ያስመዘገበ ይወስዳል። ይሄ ሰው መግደል ነው?»

እማማ አበበች ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ሥርጉት፣ የወጡን ጨው ቅመሺ ብልሽ እንዴት ነው?»

ልጅቷ ሳታስበው መዳፏን ዘረጋች። «በማንኪያ ስቀምስ አክስቴ አግኝታኝ ጭልፋ ወርውራብኛለች።»

«ሰማህ ጀብሪል? ውብነሽ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ነው የምትቀምሰው። መዳፏ ንጹሕ ነው፤ ከድስቱ አልቀመሰችም። ገዳዩ መርዙን በሌላ ነገር አጠጥቷት፣ ድስቱ ላይ የበተነው ልጅቷን ሊያስይዝ ነው። ልጅቷ ብታደርገው የአክስቷን መዳፍ ወጥ ትቀባው ነበር እንጂ ማንኪያ አታስጨብጣትም።»

«ማንኪያው ግን የቤቱ ምልክት አለበት» አለ ጀብሪል።

«እዚህ ወጥ ቤት ያለው የእንጨት ማማሰያና ጭልፋ ብቻ ነው። ማንኪያ ሲያጣ ከገዛ ቦርሳው አወጣ። እናንተ "ሙዳይ" የሚለውን አንብባችሁ አለፋችሁ፤ እኔ የማየው ሥዕሉን ነው። የውብነሽ ምልክት የተሣለው እኔ ከሰፋሁት ሙዳይ ነው፤ ክዳኑ ዝግ ነው። በሩን እዩ፣ ሳህኑን እዩ። ማንኪያው ላይ ያለው ግን ክዳኑ ክፍት ነው፤ ጀማሉዲን ስልክ ላይ እንዳለው፣ ፈቃዱ የራሴ ነው ብሎ እንዳመለከተበት።»

ጀብሪል የሠፈሩ መግቢያ ላይ ላሉት ፖሊሶች ደወለ። ሲጨርስ ወደ ፈቃዱ ዞረ። «በምግብ ማመላለሻ ፈቃድ ረፋዱ ላይ ገብተህ ወጥተሃል።»

ፈቃዱ ዓይኑን በሩ ላይ ወደተሣለው ምልክት አዞረ።

«ጁስ ነው ያመጣሁላት» አለ። «ተቃውሞውን ተዪው ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች።»

ፖሊሶች እጁ ላይ ካቴና አስገብተው ወሰዱት። ጀብሪል ለመውጣት ሲነሣ እማማ አበበች በሩ ላይ ቆሙበት።

«መጀመሪያ የልጅቷን ፓስፖርት መልስ። ከዚያ ተቀመጥና ቃሌን ጻፍ። ስትጨርስ ከላይ እስከ ታች አንብብልኝ፤ ካልኩት አንድ ቃል ከጎደለ ጣቴን አላሳርፍም።»