ሁለት ስንዝር የጎደለው ብርድ ልብስ

በ፲፱፻፺፩ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ከጂጋ እስከ ቡሬ ያለው ጤፍ ታጭዶ በሚከመርበት ሰሞን፣ የፍኖተ ሰላም ሴቶች ወደ ሰሜን ለዘመተው ሠራዊት ዐሥር የሱፍ ብርድ ልብስ በእጃቸው ሠርተው ሊልኩ ተማከሩ፤ ሥራውን እንዲመሩም የሟቹን የሻምበል ዘሩን ባለቤት፣ ወይዘሮ ቻይነሽን መረጡ። ወይዘሮዋ በወጣትነታቸው ደብረ ማርቆስ የእጅ ሥራ ተምረዋልና፣ የሹራብን ልክ በቁጥር ማውጣት የሚያውቁ እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከባላቸው ሞት ወዲህ የቀራቸው ክብር ይኸው ነበር።

ብርድ ልብሱ ወርዱ ሰባት፣ ቁመቱ ዘጠኝ ስንዝር እንዲሆን ተወሰነ። ወይዘሮ ቻይነሽ ትንሽ ናሙና ሠርተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና በአንድ ስንዝር ውስጥ በወርድ ሃያ ስድስት የክር ቀለበት፣ በቁመት ሃያ ስምንት ረድፍ ቆጠሩ፤ አባዝተውም መቶ ሰማንያ ሁለት ቀለበት ጀምረው ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እንዲዘጉ ለሴቶቹ ነገሩ።

ከዐሥሩ ሠሪዎች አንዷ ባንቺአየሁ ነበረች፤ ከቡሬ ገጠር፣ ከአዊ ቤተሰብ የተወለደች፣ በከተማው ዳር የምትኖር ገበሬ ስትሆን፣ አንድ ልጇ ይታገሱ ግንባር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሥራዋን ይዛ ቀረበችና አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

«እትዬ፣ መቶ ዐሥራ ሁለት ረድፍ ሠርቼ አራት ስንዝር መሙላት ሲገባው ከሦስት እምብዛም አላለፈም። ምናልባት እጄ ጠብቆ ይሆን?»

ወይዘሮ ቻይነሽ ያን ጊዜውኑ ገባቸው፤ ናሙናውን ሲለኩ ቁልቁል ስበውት ነበር። አንድ ስንዝር የሚሞላው በሠላሳ ስድስት ረድፍ ነበር እንጂ በሃያ ስምንት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ብርድ ልብስ ሁለት ስንዝር ሊያጥር ነው። ነገር ግን ዘጠኙ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ይሰሙ ነበር።

«ቁጥሩን ለተማረው ተዪው፤ አንቺ የታዘዝሽውን ሥሪ» አሉ። ባንቺአየሁም እሺ ብላ ተመለሰች።

በየካቲት ሥራው አለቀና ሕዝቡ በአዳራሽ ተሰበሰበ። የስንቅ አሰባሳቢው ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ ገደፋው አንዱን ብርድ ልብስ ተጋድመው ቢለብሱት እግራቸው እስከ ባታቸው ወጣ፤ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ግን ግንባር የሚለብሱት ልጆች ትዝ ብለውት ሳቁን አቋረጠ። አቶ ገደፋው ስሕተቱ ከምን እንደ መጣ ሲጠይቁ፣ ወይዘሮ ቻይነሽ ዐይናቸው ባንቺአየሁ ላይ አረፈ፤ የገጠር ሴቶች ክሩን አጥብቀው ስለሚይዙት ነው ብለው መለሱ። ባንቺአየሁ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ብርድ ልብሶቹም እንዳሉ በመኪና ተጭነው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ቻይነሽ ምግብ አልበላ፣ ጸሎት አልያዝ አላቸው፤ በመንገድ ሰው ሰላም ሲላቸው እንኳ ያወቁባቸው እየመሰላቸው ይሸማቀቁ ነበር። በሁለተኛው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሲደርሱ፣ በሁሉም ፊት ቆሙ።

«ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ባንቺአየሁ ነግራኝ ነበር፤ ዐውቄ ዋሸሁባት።»

ባንቺአየሁ ትወቅሰኛለች ብለው ጠበቁ። እርሷ ግን ረጋ ብላ እንዲህ አለች፤

«እኔም ጥፋት አለብኝ፣ እትዬ። የእናት እጅ ልኩን ያውቃል፤ የልጄ እግር ብርድ ላይ እንደሚቀር እያየሁ እርስዎን ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ ቻይነሽ ስድብ ቢሆን ይችሉት ነበር፤ ይህን ግን ሊችሉት አልቻሉም፤ የቅጥሩን ድንጋይ ይዘው አለቀሱ።

ይታገሱ በ፲፱፻፺፫ በሕይወት ተመለሰ፤ ብርድ ልብሶቹን ግን ዐይቶ አያውቅም ነበር። ማን እንደ ለበሳቸው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ ጦርነት ምሽጎቹንና ቀኖቹን ጽፈዋል፤ የከተማው ሰነድም «ዐሥር ብርድ ልብስ፣ ከሴቶች» ብሎ አልፏል። ስለ ቁመታቸው አንድም ቃል የለም፤ ወይዘሮ ቻይነሽ ግን እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ዘመን የሚጠይቃቸው ሰው ሲገኝ፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት ያን የጎደለውን ሁለት ስንዝር ነበር።