የተዘለለችው መስመር

«እነዚህን ጎማዎች ማን መረጣቸው?» አለ ጎሚስታው ሐዋዝ፣ አራቱን አዳዲስ ጎማዎች አንድ በአንድ ወደ መኪናዋ እያንከባለለ።

«ልጄ ናታ!» አለ ሽፈራው ኮራ ብሎ። «የጎማ መሸጫውን ድረ ገጽ ቁጭ ብላ አነበበችልኝ። እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ርሆቦት የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ሳበችው። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው፤ ቤት የሚገባውን ደብዳቤ ሁሉ የምታነበው እሷ ናት። አባቷ ስዊድንኛ ይናገራል፤ ረጅም ጽሑፍ ሲያይ ግን «ነይ እስቲ» ይላታል። ባነበበችለት ቁጥርም እንደ ትልቅ ሰው ያመሰግናታል።

ጎማዎቹን ስትመርጥ ግን አንድ መስመር ዘላለች። «ለቀላል ክረምት የተሠራ፤ ለሰሜን አገር በረዶ አይመከርም» ይላል። ለዚህ አገር በረዶ የሚሆነው ጎማ ጠበብ ያለ ነው። እሱን ለመግጠም ትልልቆቹ ጥቁር ቸርኬዎች ወርደው ትንንሽ ግራጫ ቸርኬዎች መግባት አለባቸው። ያቺ የአባቷ በራሪ ቢኤም መኪና በግራጫ ቸርኬ! የክፍሏ ልጅ ሄኒ ገና ካሁኑ «የጡረተኛ መኪና እንዳታስመስሏት» ብሏታል።

ሐዋዝ የጎማውን ጎን አነበበ፤ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ከዚያ ርሆቦትን አያት።

«በየቀኑ ነው የምትነዳት?» አለው ሽፈራውን።

«በየቀኑ! ከሰፈራችን ከአካላ እስከ ሶልና። እሷን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራዬ።»

«በረዶም ቢሆን?»

«በረዶ ሲሆንማ ይብሳል! አውቶቡስ ስትጠብቅ ብርድ ይምታት እንዴ?»

ርሆቦት አቀረቀረች። ባለፈው ክረምት በየማለዳው ቀድሟት ወርዶ፣ መስታወቱን ፍቆ፣ ወንበሯን አሙቆ ነበር የሚጠብቃት። አንድም ቀን አመስግናው አታውቅም።

ሐዋዝ የቡሎን መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ከመግጠሜ በፊት ሻይ ልቅዳ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከአባቷ ጋር ብቻዋን እንድታወራ አውቆ እንደሄደ ገባት፤ በሆዷ አመሰገነችው።

«አባዬ… አንድ መስመር ዘልዬብሃለሁ።» ስልኳን አውጥታ አነበበችለት።

«አውቀሽ?»

«አውቄ። ጥቁሩ ቸርኬ እንዳይወርድ ብዬ። ይቅርታ አባዬ።»

ሽፈራው ከጎማዎቹ በአንዱ ላይ ተቀመጠ። አልጮኸባትም። «እኔ ጎማ መች አውቃለሁ? አንቺን ነው ያመንኩት» አለ ቀስ ብሎ። ይህ ከጩኸት በላይ ከበዳት።

ሱሪውን አራግፎ ተነሣ። «ሐዋዝ! እነዚህን እንመልሳቸው። ግራጫ ቸርኬ ካለህ አምጣልን!»

«ከመደርደሪያ አውርጄ ጨረስኩ እኮ!» አለ ሐዋዝ ከውስጥ።

ሽፈራው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «ነገርሽኝ፤ ተመስገን ነው። ሌላስ የዘለልሽው አለ?»

የለም ማለት ትችል ነበር። ብትለው ያምናታል፤ ዓይኑ ላይ ይታያል። እንዲህ በቀስታ ስለጠየቃት አፏ ላይ የመጣውን «የለም» ዋጠችው። ከሳምንት በፊት «አያስፈልግህም» ያለችውን የትምህርት ቤት መልእክት ከፈተች።

«ይሄ ከሒሳብ አስተማሪዬ ነው። ሐሙስ ይፈልጉሃል» አለችና ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች።